ሁለት ሰከንድ በርቶ የሚጠፋው ሞኒተር፦ የጥገና ማስታወሻ

ምልክቱ

ሞኒተሩ 19 ኢንች ኤልሲዲ ነው፤ 1280 በ1024። ከጀርባው የተለጠፈው ወረቀት 2006 የተሠራ ይላል። ሲበራ ምስሉ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ሁለት ሰከንድ ገደማ ይቆይና ድርግም። የማብሪያው አረንጓዴ መብራት ግን አይጠፋም። አጥፍቼ ሳበራው እንደገና ሁለት ሰከንድ ብቻ። ምልክት መስጠት የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ቀዝቅዞ ሲነሳ ቀላ ይልና ይርገበገባል፤ ሲሞቅ ይስተካከላል።

ለምን አይጣልም? ፓነሉ ላይ አንድም የሞተ ነጥብ የለም። 5 ለ4 የሆነው ቅርጹም ለጽሑፍና ለኮድ ይመቸኛል። አዳዲሶቹ በአብዛኛው ወደ ጎን የተለጠጡ ናቸው።

ቦርድ ከመንካቴ በፊት ወጪ የሌለውን ሁሉ ሞከርኩ። ገመድ ቀየርኩ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ከቪጂኤ ወደ ዲቪአይ አዞርኩት። ያው ነው። ገመዱን ጭራሽ ነቅዬ ሳበራው «ሲግናል የለም» የሚለው ጽሑፍ ራሱ ሁለት ሰከንድ ታይቶ ጠፋ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የለበትም።

ቀጥሎ የእጅ ባትሪ። ክፍሉን አጨልሜ፣ ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ ከጎን በኩል ባትሪ ሳበራበት የዴስክቶፑ ነገሮች ደብዝዘው ይታያሉ። ማውሱን ሳንቀሳቅስ ቀስቱም ይሄዳል። ምስሉ አለ፤ የሄደው ብርሃኑ ነው። ይህ ሙከራ ምንም አያስወጣም፣ ግን ፓነሉንና ዋናውን ቦርድ በአንድ ጊዜ በአብዛኛው ከተጠርጣሪነት ያወጣል።

ሁለት ሰከንዱ ምን ይናገራል

ካቻቪቴ ከማንሳቴ በፊት እዚህ ላይ ትንሽ ቆየሁ።

ኤልሲዲ ራሱ ብርሃን አያወጣም። ከኋላው ባክላይት አለ። በዚህ ዕድሜ ባሉ ሞኒተሮች ባክላይቱ ሲሲኤፍኤል የሚባል ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነው። በእኔው ላይ አራት ናቸው፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። ቱቦው እንዲለኮስ ከ1000 ቮልት በላይ ይፈልጋል፤ ከተለኮሰ በኋላ በጥቂት መቶ ቮልት ይቆያል። ይህን ቮልቴጅ የሚሠራው ኢንቨርተሩ ነው። ከፓወር ሰፕላዩ (ኃይል ከሚያቀርበው ክፍል) 14 ቮልት ወስዶ በትንንሽ ትራንስፎርመሮች ያሳድገዋል።

ኢንቨርተሩን የምትመራው አይሲ (ትንሿ የመቆጣጠሪያ ቺፕ) በየቱቦው የሚያልፈውን ከረንት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ ትከታተላለች። አራቱም እስኪለኮሱ አንድ ሁለት ሰከንድ ትታገሳለች። ከዚያ አንዱ እንኳ ልኩን ካልሳበ ሁሉንም ታጠፋለች። ከፍተኛ ቮልቴጅ መውጫ አጥቶ እሳት እንዳያስነሳ የተሠራ መከላከያ ነው።

ስለዚህ «ሁለት ሰከንድ በርቶ ጠፋ» ማለት መከላከያው ሥራውን ሠራ ማለት ነው። ጥያቄው ምን አይቶ እንዳጠፋ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ከነጭራሹ ቢሞት አረንጓዴው መብራትም አይኖርም፣ ወይም ብልጭ ድርግም ይል ነበር። የቀሩኝ ተጠርጣሪዎች የደከመ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለጥቂት ጊዜ ይዞ ቮልቱን የሚያረጋጋ ዕቃ)፣ የተቃጠለ የትራንስፎርመር ጥቅል፣ የተሰነጠቀ ብየዳ፣ ወይም ያረጀ ቱቦ ናቸው።

መክፈት

መቆሚያውን የያዙት አራት ቪቴዎች ሲወጡ ሌላ የሚታይ ቪቴ የለም። ቀሪው በፕላስቲክ ጥርስ የተያያዘ ነው። ያረጀ የፕላስቲክ ካርድ በክፈፉ ስንጥቅ አስገብቼ ከታች ጀምሬ ዙሪያውን ሄድኩ። ካቻቪቴ ጠርዙን ይበላዋል፣ ከገባም ፓነሉን ሊጭር ይችላል።

ከውስጥ በቆርቆሮ የተሸፈኑ ሁለት ቦርዶች አሉ። አንደኛው ምስሉን የሚያዘጋጀው ዋና ቦርድ ነው። ሁለተኛው ፓወር ሰፕላይና ኢንቨርተር አንድ ላይ ያለበት ነው። ማንኛውንም ሶኬት ከመንቀሌ በፊት ፎቶ አነሳሁ።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ከመግቢያው አጠገብ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ነው። 220 ቮልት ተስተካክሎ ሲገባ 310 ቮልት አካባቢ ይሆናል፤ ስፒናው ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ይዞት ሊቆይ ይችላል። ቮልቱን በቴስተር ለካሁ፣ በ2 ኪሎኦም 5 ዋት ሬዚስተር አወረድኩት፣ መልሼ ለካሁ። በካቻቪቴ ሾርት አድርገው የሚያወርዱ አሉ። ብልጭታው ካቻቪቴውንም ቦርዱንም ይበላል፣ አያስፈልግም።

ካፓሲተሮቹ

ሽፋኑ እንደተነሳ ሦስት ያበጡ ካፓሲተሮች ታዩ። ሁለቱ በ5 ቮልት መስመር ላይ ያሉ 1000 ማይክሮፋራድ፣ አንዱ በ14 ቮልት መስመር ላይ ያለ 470 ማይክሮፋራድ። ሦስቱም የተተከሉት ከሙቀት ማስተላለፊያው አልሙኒየም ጥግ ነው። ንድፉን የሠራው ሰው ምን እያሰበ እንደነበር አላውቅም። የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ዕድሜ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት በግማሽ ይቀንሳል። በ105 ዲግሪ 2000 ሰዓት የተባለ ካፓሲተር በ65 ዲግሪ 32000 ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ከማሞቂያ ጥግ ካስቀመጡት ግን ያ ሁሉ ቁጥር ይተናል። በዚያ ላይ ከ1999 እስከ 2007 ባለው ጊዜ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ የተበላሸ ካፓሲተሮች በብዛት ተሠርተው ብዙ ዕቃ ውስጥ ገብተው ነበር።

ያበጠ ካፓሲተር ሲያዩ «አገኘሁት» ማለት ቀላል ነው። መጀመሪያ መለካት ፈለግኩ። ሞኒተሩ ከመብራቱ በፊት የ14 ቮልቱ መስመር 13.6 ነበር፤ ባክላይቱ ሲለኮስ ወደ 11 ወረደ። ጭነት ሲመጣ ይሰምጣል። ካፓሲተሮቹ በእርግጥ ደክመዋል።

ለመተኪያ የፈለግኩት 105 ዲግሪ የሚችል፣ ኢኤስአሩ (የውስጥ መቋቋሙ) ዝቅተኛ የሆነ ነው። ማይክሮፋራዱ ያው፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ። እስከ 10 ቮልት በሚችሉት ምትክ 16 ቮልት የሚችሉ አስገባሁ። ቁመታቸውንም ለካሁ፤ የቆርቆሮው ሽፋን ዝቅ ያለ ስለሆነ ረጅም ካፓሲተር አይዘጋም። ጤነኛ የሚመስለውን ሁለተኛውን 470ም ጨምሬ አወጣሁ። በትንሿ የካፓሲተር መለኪያ ሲታይ 112 ማይክሮፋራድ ብቻ ቀርቶታል፤ ኢኤስአሩ ከ2 ኦም በላይ። ከላይ ሲያዩት ግን እንደ አዲስ ነው። በመግቢያው በኩል ከፓወር አይሲዋ አጠገብ ያለችውን 47 ማይክሮፋራድ 50 ቮልትም ቀየርኩ። እንደሷ ያሉ ትንንሾቹ ሳያብጡ ነው የሚደርቁት። ትልቁን ባለ 400 ቮልት ለካሁት፣ ደህና ነው፣ ተውኩት።

ብየዳው አስቸገረ። ቦርዱ ላይ ያለው ሶልደር (ቀልጦ የሚበይደው ብረት) እርሳስ የሚባለው ብረት የሌለበት ነው፤ ወደ 217 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይቀልጥም። ወደ ግራውንድ (የቦርዱ የጋራ ኔጌቲቭ) የሚገቡት እግሮች ደግሞ ሙቀቱን ይጠጡታል። መፍትሔው እርሳስ ያለው ሶልደር እላዩ ላይ ጨምሮ ማቅለጥ ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣሉ፣ ከዚያ በመምጠጫው ይወጣሉ። መበየጃውን ለረጅም ጊዜ አጥብቆ መያዝ ግን የመዳቡን መስመር ከቦርዱ ይልጣል። የፖላሪቲ (የትኛው እግር ፖዘቲቭ፣ የትኛው ኔጌቲቭ) ነገር፦ በካፓሲተሩ ላይ ያለው ሰረዝ ኔጌቲቭ ነው። የቦርዱን ምልክት ብቻ ማመን አይበቃም፤ አምራቾች ምልክቱን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አያደርጉትም። የድሮው እንዴት እንደቆመ ፎቶው ላይ አየሁ።

ውጤት፦ 14 ቮልቱ አሁን 13.9 ነው፣ ባክላይቱ ሲለኮስም አይሰምጥም። ከማብሪያው እስከ ምስሉ ያለው ጊዜም አጠረ። ከዚያ ሁለት ሰከንድ፣ ድርግም።

ኢንቨርተሩ

ቢያንስ አንድ ነገር ተለየ። መከላከያው የሚያጠፋው በቮልቴጅ መስመጥ አይደለም። ካፓሲተሮቹ መቀየር ነበረባቸው፣ ግን ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አልነበረም።

በመጀመሪያ ትራንስፎርመሮቹ። ከሶኬት ነቅዬ፣ ቱቦዎቹን አላቅቄ፣ የከፍተኛ ቮልቴጁን ጥቅሎች በኦም ለካሁ። አራቱም ከ880 እስከ 900 ኦም ናቸው። እዚህ ላይ ዋናው ቁጥሩ አይደለም፣ መመሳሰሉ ነው። አንዱ ክፍት ወይም በጣም ያነሰ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። የኢንቨርተሩ ፊውዝ ደህና ነው። ትራንዚስተሮቹ ሾርት የለባቸውም።

ብየዳዎቹን በማጉያ መነጽር ሳይ በአንዱ ትራንስፎርመር እግር ዙሪያ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አለ። ትራንስፎርመር ከባድ ነው፤ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ እግሩ ላይ ያለው ሶልደር ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። የሁለቱንም ትራንስፎርመር እግሮች በሙሉ አድሼ በየድኩ። ተስፋ አድርጌ ነበር። ለውጥ የለም።

አንድ ማሳሰቢያ። የኢንቨርተሩን መውጫ ተራ ቴስተር ሰክቶ ለመለካት መሞከር አይገባም። ሲለኮስ ከ1000 ቮልት ያልፋል፣ ፍሪኩዌንሲውም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኸርዝ ነው። ቴስተሩ ይሞታል፣ ሰውም ይጎዳል።

የአይሲዋን የመከላከያ እግር ከግራውንድ ጋር አገናኝቶ «እንዳያጠፋ» ማድረግም ይቻላል። ብዙ ሰው ይመክረዋል። ስክሪኑ በርቶ ሊቆይ ይችላል። ጥፋቱ ግን እዚያው ነው፤ መውጫ ያጣው ቮልቴጅ በቦርዱ ላይ መዝለል ሲጀምር የሚያስቆመው የለም። አልነካሁትም።

የትኛው ቱቦ?

የቀሩት ቱቦዎቹ ናቸው። የሚያስቸግረው ደግሞ ሲሲኤፍኤል በኦም አይለካም። ጫፎቹ በውስጥ አይገናኙም፤ ጤነኛውም የሞተውም ክፍት ነው የሚያሳየው። ደህና በሆነ ቱቦ እየተኩ ማየት ብቻ ነው ያለው።

ከተበላሸ የጠረጴዛ ስካነር ያወጣሁት ቱቦ ነበረኝ። ከሞኒተሩ ቱቦ አጭር ነው፣ ለሙከራ ግን ይበቃል። የሶኬቱ ዓይነትም ገጠመ። አሠራሩ ቀላል ነው። ስፒናውን መንቀል፣ የትልቁን ካፓሲተር ቮልት ማውረድ፣ የአንዱን ቱቦ ሶኬት አውጥቶ የሙከራውን መሰካት፣ እጅን አርቆ ማብራት።

የላይኛዎቹን ሁለቱን በየተራ ተክቼ አየሁ፦ ሁለት ሰከንድ። የታችኛው የመጀመሪያው፦ ሁለት ሰከንድ። የታችኛው ሁለተኛው ሲተካ ስክሪኑ በርቶ ቀረ። ጠበቅኩ። አልጠፋም። መልሼ የራሱን ቱቦ ሰካሁ፦ ጠፋ። እንደገና የሙከራውን፦ በራ።

ያ ጠዋት ጠዋት ይታይ የነበረ ቅላት አሁን ትርጉም አገኘ። ሲሲኤፍኤል ሲያረጅ ቀለሙ ወደ ሮዝ ያደላል፣ በተለይ ቀዝቃዛ ሳለ። ቱቦው ከመሞቱ በፊት ሲናገር ነበር ማለት ነው። እየደከመ ሲሄድ ለመለኮስ የሚጠይቀው ቮልቴጅ ይጨምራል፤ በዚያው ላይ ካፓሲተሮቹ ሲደክሙ ኢንቨርተሩ ያንን ቮልቴጅ መስጠት አቃተው። ቱቦው ደህና ቢሆን ካፓሲተሮቹ ጥቂት ጊዜ ባቆዩኝ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ቱቦ ወይስ ኤልኢዲ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ተመሳሳይ ቱቦ ፈልጎ መተካት። ርዝመቱም ውፍረቱም መግጠም አለበት፤ ውፍረቱ ከ3 ሚሊሜትር በታች ነው፣ በሶልደር ሲያያዝ በቀላሉ ይሰበራል። ውስጡ ሜርኩሪ አለ፣ ትንሽ ቢሆንም። አንዱን ብቻ ብቀይር ደግሞ ከሦስቱ አሮጌዎች ጋር ቀለሙ አይገጥምም፣ ቀሪዎቹም ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

ሁለተኛው የኤልኢዲ መቀየሪያ ነው፦ ሁለት ቀጫጭን ሪባኖችና አንዲት ትንሽ የመንጃ ቦርድ። ዋጋው ከካፓሲተሮቹ በብዙ ይበልጣል፣ አራት ቱቦ ከመግዛት ግን ያንሳል። ኤልኢዲውን መረጥኩ። በዚህ ፕሮጀክት ካወጣሁት ገንዘብ አብዛኛው እዚህ ላይ ነው የሄደው።

ፓነሉን መፍታት

ከሁሉም የፈራሁት ይህን ነው። ከመስታወቱ ጠርዝ ወደ ትንሹ ቦርድ የሚወርዱት ስስ የኬብል ሪባኖች ከተቀደዱ ወይም ከታጠፉ ስክሪኑ ላይ መስመር ይወጣል፣ ያም አይጠገንም። መስታወቱንና ቦርዱን አንድ ላይ፣ ሪባኖቹን ሳላጥፍ አነሳሁ።

ከመስታወቱ ሥር እንደ ወረቀት የተደራረቡ ፕላስቲኮች አሉ። ብርሃኑን የሚበትኑና ወደ ፊት የሚመልሱ ናቸው። ቅደም ተከተላቸውና የትኛው ፊት ወደ ላይ እንደሆነ ወሳኝ ነው። ከማውጣቴ በፊት በሁሉም የቀኝ ጥግ ላይ፣ ከሚታየው ክፍል ውጪ፣ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ጓንቲ ያስፈልጋል፤ የጣት አሻራ ነጭ ገጽ ላይ ደመና ሆኖ ይታያል። መስኮትና በር ዘጋሁ። አቧራ ግን እንደምንም ብሎ ይገባል።

ቱቦዎቹ ከላይና ከታች በተጣጠፈ የቆርቆሮ ቦይ ውስጥ ነበሩ። የታችኛው ሁለተኛው ጫፍ ጠቁሯል። አራቱንም ሳልሰብር አወጣሁ። ቢሰበር ክፍሉን ማናፈስ ነው፤ በቫክዩም ክሊነር መጥረግ ሜርኩሪውን በአየሩ ይበትነዋል።

የኤልኢዲ ሪባኖቹ ከቦዩ ይረዝማሉ። የሚቆረጡት በየሦስት ኤልኢዲው ላይ ባለው ምልክት ብቻ ነው። ሁለቱን እኩል ቆረጥኩ፣ አለዚያ የላይና የታች ብርሃን ይለያያል። ምልክቱ ከቦዩ ጫፍ ጋር ስላልገጠመ በግራ በኩል ወደ 8 ሚሊሜትር ባዶ ቀረ። ቦዩን በአልኮል ጠርጌ ለጠፍኩ። ከቆርቆሮው ጋር በደንብ መጣበቅ አለበት፤ ኤልኢዲውን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው።

ሽቦዎቹና የተገለበጠው ብሩህነት

የመንጃ ቦርዷ አራት ሽቦ አላት፦ ፓወር፣ ግራውንድ፣ ማብሪያ፣ ብሩህነት። በመጀመሪያ የድሮውን ኢንቨርተር ፊውዝ ነቀልኩ፤ ቱቦ የሌለበት ኢንቨርተር መሥራት የለበትም። 14 ቮልቱን ከፊውዙ በፊት ካለው ቦታ ወሰድኩ።

ማብሪያውና ብሩህነቱ በሁለቱ ቦርዶች መካከል ባለው ሶኬት ላይ አሉ፣ ስማቸውም ቦርዱ ላይ ታትሟል። ማብሪያው ሞኒተሩ ሲያንቀላፋ 0፣ ሲነቃ 3.2 ቮልት ነው። በትክክል የሚፈለገው። አያያዝኩ፣ አበራሁ። ሁለት ሰከንድ አለፈ። አምስት። አልጠፋም።

ከዚያ ሜኑው ውስጥ ብሩህነቱን ስጨምር ስክሪኑ ጨለመ። ስቀንስ ፏ አለ።

ለካሁት። ብሩህነት 100 ላይ ሽቦው 0.4 ቮልት ነው፤ 0 ላይ 4.5። የድሮው ኢንቨርተር ቮልቱ ሲቀንስ የሚደምቅ ነበር፣ አዲሷ ቦርድ ደግሞ ቮልቱ ሲጨምር ነው የምትደምቀው። ሽቦውን ትቶ ብሩህነቱን አንድ ቦታ ላይ ማሰር ይቻላል፣ ግን ማታ ዓይን ይወጋል። ቴስተሩን ወደ ኸርዝ ሳዞር 200 አካባቢ አነበበ። ይህ ጥሩ ዜና ነው። ሲግናሉ ቶሎ ቶሎ የሚበራና የሚጠፋ እንጂ ከፍና ዝቅ የሚል ቮልት አይደለም፤ ስለዚህ በአንድ ትራንዚስተር ይገለበጣል። ቢሲ547 ወሰድኩ። ሦስት እግር አለው፦ ኤሚተሩ ወደ ግራውንድ። ቤዙ በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ሞኒተሩ የብሩህነት ሽቦ። ኮሌክተሩ ወደ መንጃ ቦርዷ፣ በሌላ 10 ኪሎኦም ደግሞ ወደ 5 ቮልት። ሦስቱን ዕቃ ሽቦው ላይ ራሱ በይጄ በናስትሮ ጠቀለልኩ። ሜኑው አሁን በትክክል ይሠራል።

ከተገጠመ በኋላ

ነጩ ወደ ሰማያዊ አደላ። በሜኑው ውስጥ ሰማያዊውን ከ100 ወደ 84 ዝቅ አደረግኩ፣ አረንጓዴውን ትንሽ። ለፎቶ ሥራ አይሆንም፤ ለጽሑፍ ይበቃል።

ባዶ የቀረው 8 ሚሊሜትር በግራው ጥግ ላይ እንደ ጥላ ይታያል፣ ነጭ ገጽ ላይ ብቻ። አንድ የአቧራ ነጥብም ከፕላስቲኮቹ ሥር ገብቷል። ለእሷ ብዬ መስታወቱን ከነኬብል ሪባኖቹ እንደገና አላነሳም።

የመንጃ ቦርዷ ሙሉ ብሩህነት ላይ ከ14 ቮልቱ 0.6 አምፔር ትስባለች፤ 8 ዋት ተኩል አካባቢ ማለት ነው። ካፓሲተሮቹ ከሚጎረብቱት አልሙኒየም ላይ እጅ ማሳረፍ ይቻላል፤ ድሮ አይቻልም ነበር። ብሩህነት ከ20 በታች ሲሆን በስልክ ካሜራ ሲታይ ይርገበገባል፤ ያው 200 ኸርዙ ነው። በዓይኔ አላየውም፣ የሚሰማው ሰው ግን ከዚያ በላይ ቢያደርገው ይሻላል።

ሦስቱን ደህና ቱቦዎች በስፖንጅ ጠቅልዬ በጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስቀመጥኳቸው፤ ለሌላ ሞኒተር መፈተሻ ይሆናሉ። አራተኛው ለብቻው ታሽጓል፣ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም። የቀረኝ ሥራ የመንጃ ቦርዷን መያዣ ማስተካከል ነው። አሁን በባለ ሁለት ፊት ቴፕ ብቻ ነው የተያዘችው፣ ቴፕ ደግሞ ሙቀት አይወድም። ትርፍ የቪቴ ቀዳዳ ከዋናው ቦርድ ጥግ ላይ አይቻለሁ።